ተራማጁ ካሜራ

«ተራማጅ» የሚለው ቃል በአገራችን ብዙ ሥራ የሠራ ቃል ነው። በአንድ ወቅት ሰው የሚወደስበትም የሚከሰስበትም የፖለቲካ ማዕረግ ሆኖ ነበር። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ቃሉን ወደ ጥንተ ፍቺው መልሰን፣ በእግሩ ለሚራመድ ነገር ልንሰጠው አስበናል። ይኸውም ነገር ካሜራ ነው። ካሜራ እንዴት ከተተከለበት ተነሥቶ መራመድ ጀመረ? ሲራመድስ ሥዕሉ እንዳይናጥ ምን ተደረገ? ደግሞስ ማን ዘንድ ለመድረስ ተራመደ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን ታሪኩን እንከተላለን። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ካሜራ ይዞ መሄድ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል አይጠፋም። ለእንዲህ ያለው አንባቢ መልሳችን «እስቲ ሞክረው» የሚል ነው። ስልክህን አውጣና ከግቢው በር እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ እየሄድክ ቅረጽ፤ ከዚያ ቁጭ በልና እየው። ስትሄድበት ጸጥ ብሎ የነበረው አስፋልት በሥዕሉ ውስጥ ይነሣል፣ ይወድቃል፤ ሕንፃው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ የጓደኛህን ፊት አያለሁ ስትል የራስህን ርምጃ ስትቆጥር ትገኛለህ። ትንሽ ከቆየህም ራስህን ያዞርሃል።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሰው ሲራመድ መላ አካሉ በየርምጃው ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝም ይወዛወዛል። ይህን የማናስተውለው በውስጥ ጆሯችን ባለው የሚዛን ሕዋስ አማካይነት ነው። ይህ ሕዋስ ራሳችን ወዴት እንደ ዞረ በቅጽበት ለዓይን ጡንቻዎች ይናገራል፤ ዓይናችንም በተቃራኒው ዞሮ የምናየውን ነገር ባለበት ያቆየዋል። ማስረጃ ከተፈለገ ይኸው፦ አንባቢ ራሱን ግራና ቀኝ እየነቀነቀ ይህን መስመር ማንበብ ይችላል፤ ራሱን አቁሞ ወረቀቱን በዚያው ፍጥነት ቢነቀንቅ ግን ፊደሉ ሁሉ ይደባለቅበታል። ልዩነቱ ጆሮው ነው። ካሜራ እንግዲህ ዓይን ተሰጥቶት ጆሮ የተነፈገ ፍጡር ነው። የተራማጁ ካሜራ ታሪክ ይህን ጆሮ የመፈለግ ታሪክ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

፩፤ በሦስት እግር የቆመው

የሉሚዬር ወንድማማቾች ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ በሚገኘው ግራን ካፌ ፊልሞቻቸውን ለከፋይ ተመልካች ሲያሳዩ፣ የቀረጹበት መሣሪያ አንድ ሰው በአንድ እጁ አንጠልጥሎት ሊሄድ የሚችል ትንሽ የእንጨት ሣጥን ነበር። ታዲያ ቀላል ከሆነ ለምን በሦስት እግር ላይ ተተከለ? ምክንያቱ ክብደት ሳይሆን እጅ ነው። ፊልሙን የሚስበው ሞተር አልነበረም፤ ቀራጩ ራሱ እጀታውን በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል እያዞረ ነበር የሚያስኬደው። አንዱ እጅ እየዞረ ሌላው እጅ ብቻውን ሣጥኑን አርግቶ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ካሜራ እግር ተወረች የተባለው እጅ ሥራ ስለ በዛበት ነው።

ይሁን እንጂ ሰዎቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1896 የሉሚዬር ቀራጭ የነበረው አሌክሳንደር ፕሮሚዮ ቬኒስ ከተማ ውስጥ ካሜራውን ከነሦስት እግሩ ጀልባ ላይ ጫነው፤ የከተማይቱ ቤተ መንግሥቶችም በተመልካች ፊት እየተንሸራተቱ አለፉ። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ካሜራቸውን ባቡር ፊት ላይ አሠሩ። ሥዕሉ ተንቀሳቀሰ፣ ረጋም። ግን መጓዝና መራመድ ይለያያሉ። ጀልባ ውሃው ወዳለበት ነው የሚሄደው፤ ባቡርም ሐዲዱ ከሚለው አይወጣም። የሰውን ደጅ አልፎ የሚገባ፣ ደረጃ የሚወጣ፣ በገበያ መሐል አንድን ሰው ተከትሎ የሚሄድ እግር ብቻ ነው።

እጅን ነጻ ለማውጣት ትልቁን ርምጃ የወሰደው ካዚሚየሽ ፕሩሺንስኪ የተባለ ፖላንዳዊ መሐንዲስ ነው። በ1910 እንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ያወጣለት «ኤሮስኮፕ» የተባለ ካሜራ በታመቀ አየር ይሠራ ነበር። ጎማ እንደሚነፋ ሰው በፓምፕ አየሩን አስቀድሞ ሞልቶ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት እጁን ለመያዝ ብቻ ማዋል ነው። በውስጡም ሥዕሉን የሚያረጋ የሚሾር ጋይሮስኮፕ ነበረው። እንዝርት የሚያሾሩ እናቶቻችን ነገሩን ሳይማሩት ያውቁታል፤ የሚሾር ነገር አቅጣጫውን መለወጥ አይወድም፤ ልግፋህ ቢሉት ይታገላል። የጎደለው የውስጥ ጆሮ የመጀመሪያ ምትክ ይኸው ነበር። በኤሮስኮፕ የዱር አራዊት ተቀረጹበት፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም የእንግሊዝ ቀራጮች ይዘውት ምሽግ ወረዱ። ፈልሳፊው ግን ዕድሉ አላማረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች ይዘውት በ1945 ማውትሃውዘን በተባለው የእስረኞች ካምፕ ሞተ።

ጦርነቱ ባለቀ ማግስት የጥበብ ሰዎች የካሜራን እግር ለሌላ ጉዳይ ፈለጉት። ጀርመናዊው ሙርናው በ1924 በሠራው «የመጨረሻው ሰው» በተባለ ፊልም፣ ካሜራማኑ ካርል ፍሮይንድ ካሜራውን ደረቱ ላይ አሥሮ የሰከረ ሰው የሚያየውን ዓለም ለማሳየት እየተንገዳገደ ቀረጸ። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባን አለ፦ መናወጡ ስሕተት ሳይሆን የታሰበበት ቃል ሆነ። ስካርን ለመናገር መንገዳገድ ግድ ነበረ።

በ1929 ደግሞ ሶቪየታዊው ጂጋ ቬርቶቭ «ባለ ካሜራው ሰው» የተባለውን ፊልም አወጣ። ወንድሙ ሚኻይል ካውፍማን ካሜራውን ከነሦስት እግሩ ትከሻው ላይ አጋድሞ ፋብሪካ ለፋብሪካ፣ ጎዳና ለጎዳና ሲዞር ይታያል። በዚህ ፊልም መጨረሻ አካባቢ አንድ አስገራሚ ትዕይንት አለ፤ ማንም ሳይነካው ሦስት እግሩ ራሱ ተነሥቶ ይራመዳል! እያንዳንዱን ርምጃ ለየብቻ ቀርጸው የገጣጠሙት ዘዴ ነው። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አባቶቻችን ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? ምኞቱ እነሆ በግልጽ ተነገረ፤ መሣሪያው ግን ገና አልደረሰም።

፪፤ ድምፅ ያሠረው፣ ጦርነት የፈታው

ካሜራ ሊራመድ እግሩን ባነሣበት ሰዓት ድምፅ መጣና አሠረው። ከ1927 ወዲህ ተናጋሪ ፊልም ሲስፋፋ፣ የካሜራው ጩኸት ማይክሮፎን ውስጥ እንዳይገባ ካሜራውን ከነሰውየው ድምፅ በማያስወጣ ክፍል ውስጥ ቆለፉት። ተዋናዮቹ መናገር ሲጀምሩ ካሜራው ግን ሽባ ሆነ። በኋላ ክፍሉ ቀርቶ በወፍራም መሸፈኛ ተተካ፤ ክብደቱ ግን እንደዚያው ነበርና ካሜራው በሐዲድና በጎማ ካልሆነ አይነቃነቅም። ሐዲድ ደግሞ ገንዘብ ነው፤ ገንዘብም ያለው ስቱዲዮ ዘንድ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን የረጋ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማለት የባለጸጋ ሥዕል ማለት ነበር።

ድሀው ካሜራ በሌላ በር ገባ። ቤል ኤንድ ሃዌል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1925 «አይሞ» የተባለ በሞላ የሚሠራ ካሜራ አወጣ፤ እንደ ሰዓት ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ሞላው እስኪላላ ይቀርጻል። በ1937 የሙኒኩ አርኖልድ ኤንድ ሪሽተር ኩባንያ «አሪፍሌክስ 35»ን አቀረበ። ይህኛው ካሜራማኑ በሚቀርጽበት በዚያው ሌንስ ውስጥ እንዲያይ የሚያስችል መስታወት ነበረው። ሁለቱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሁለቱ ወገን ተሰለፉ።

በ1942 ጆን ፎርድ ሚድዌይ በተባለች ደሴት ላይ በ16 ሚሊሜትር ቀለም ፊልም የቀረጸው ጦርነት የሚጠቀስ ነው። ቦምብ ሲወድቅ ካሜራው ተናወጠ፤ ፊልሙ ከመስመሩ ዘለለ። ፎርድም ቆርጦ አልጣለውም፤ እንዳለ አስቀረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተመልካች ዓይን አንድ ነገር ተማረ፦ የሚናወጥ ሥዕል እውነት ነው፤ ቀራጩ እዚያ ነበር፤ ሞት አጠገቡ አልፏል። ይህ ትምህርት ኋላ የሚያመጣውን ጣጣ ወደ ፊት እናየዋለን።

፫፤ ጉልበት የሚታጠፍበት ትምህርት

እስካሁን መሣሪያውን ተናገርን። ዋናው ነገር ግን ሰውየው ነው። በእግር እየሄዱ ረጋ አድርጎ መቅረጽን እንደ ሙያ የያዙት በ1950ዎቹ መጨረሻ የተነሡ የዘጋቢ ፊልም ሰዎች ናቸው።

ከነዚህ አንዱ ፈረንሳዊው ዣን ሩሽ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ የኒጀርን ወንዝ በጀልባ ሲወርድ፣ ፓሪስ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛትን አንዲት የ16 ሚሊሜትር ካሜራ ይዞ ነበር። ጉዞው ገና ሳይገፋ ሦስት እግሩ ጠፋበት። ምን ይደረግ? በእጁ ያዘና ቀጠለ። ኋላም በዚያው ጸና፤ ካሜራ በትከሻ እንጂ በሦስት እግር አይሁን እያለ ያስተምር ጀመር።

ሁለተኛው ካናዳዊው ሚሼል ብሮ ነው። በ1958 ከዢል ግሩ ጋር በሠራው «ሌ ራኬተር» በተባለ አጭር ፊልም፣ በበረዶ ላይ የሚሮጡ ሰዎችን በዓል ከሩቅ ቆሞ በሚያቀርብ ሌንስ አልሰለለም። ሰፊ ሌንስ ገጥሞ መሐላቸው ገባ። ይህ ምርጫ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የስሌትም ነው። እጅ በአንድ ዲግሪ ቢንቀጠቀጥ እንበል። ሌንሱ 10 ዲግሪ ብቻ የሚያይ ጠባብ ከሆነ፣ ሥዕሉ የስፋቱን አንድ አሥረኛ ይዘላል፤ ይህ ለዓይን ጥፊ ነው። ሌንሱ 60 ዲግሪ የሚያይ ከሆነ ግን ያው መንቀጥቀጥ አንድ ስድሳኛ ይሆናል፤ ማንም ልብ አይለውም። ሰፊ ሌንስ ያለው ሰው ፊት ለማየት የግድ መቅረብ አለበት። ስለዚህ እንዳይናጥ የፈለገ መቅረብ ነበረበት፤ የቀረበም ታየ፤ የታየም ሰላምታ መስጠት ግድ ሆነበት። የሥዕሉ ጸጥታና የሰው ቅርበት እንዲህ አንድ ላይ ታሠሩ።

ሩሽ በ1960 ብሮን ፓሪስ አስጠርቶ ከኤድጋር ሞራን ጋር «የአንድ በጋ ዜና መዋዕል» የተባለውን ፊልም ጀመረ፤ በ1961 ለሕዝብ ታየ። ብሮ ለፈረንሳዮቹ ካሜራ ይዞ መሄድን አሳያቸው። ጉልበት በትንሹ ይታጠፋል፤ ተረከዝ ቀድሞ ይወርዳል፣ ውስጥ እግር ይከተላል፤ ከወገብ በላይ ያለው አካል እንደ ተሸከመ ሰው ይረጋል። በዚያ ፊልም ውስጥ ማርሴሊን ሎሪዳን የተባለች ወጣት ድምፅ መቅረጫውን ትከሻዋ ላይ አንግታ በፓሪስ ጎዳና ብቻዋን ትሄዳለች። ከአውሽዊትዝ የተመለሰች ናት፤ እዚያ የቀረ አባቷን እያሰበች ለራሷ ታወራለች። ካሜራው ከፊቷ ከፊቷ እያፈገፈገ ይሄዳል። በአንዱ ክፍል ካሜራው ትንሽ ሲትሮየን መኪና ውስጥ ነበር፤ መኪናዋን ግን በሞተር አላስኬዷትም፣ በእጅ ነው የገፏት። ያ ሥዕል ቢናወጥ ኖሮ ተመልካች ካሜራማኑን ባየ ነበር። ስለ ረጋ ግን እሷን አየ። የመርጋት ዓላማው ይኸው ነው፤ ተሸካሚው ጠፍቶ ሰውየው እንዲታይ።

በዚያው በ1960 አሜሪካ ውስጥ ሮበርት ድሩ በመራው «ፕራይመሪ» በተባለ ፊልም፣ አልበርት ሜዝልስ ለምርጫ የሚወዳደረውን ጆን ኬኔዲን ሚልዋኪ ላይ በሕዝብ መሐል ተከተለው። ካሜራውን ከራሱ በላይ አንሥቶ፣ በሰፊ ሌንስ፣ ከበሩ እስከ መድረኩ ሳይቆርጥ ሄደ። ተመልካች ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ፖለቲከኛ ኋላ ሆኖ በሚጋፋ ሕዝብ መሐል አለፈ።

ሩሽ ይህን ሙያ እስከ መጨረሻው የወሰደው በ1971 ነው። ኒጀር ውስጥ ሲሚሪ በተባለ መንደር የዛር ዓይነት ሥርዓት ሲካሄድ፣ አሥር ደቂቃ የማይሞላ አንድ የፊልም ጥቅል ጭኖ፣ ሳያቋርጥ እየተራመደ ወደ አደባባዩ ገባ፣ ከበሮዎቹን ዞረ። መናፍስቱ የያዟቸው ሰዎች ሲነሡ ካሜራው እዚያው መሐላቸው ነበር። ሩሽ፣ የካሜራዬ መራመድ ራሱ ሥርዓቱን አነሣሣው ብሎ ያምን ነበር።

እዚህ ላይ ግን የአፍሪካ ልጆች ነንና ዝም ብለን አናልፍም። በ1965 የሴኔጋሉ ደራሲና ፊልም ሠሪ ኡስማን ሴምቤን ከዚሁ ከሩሽ ጋር ፊት ለፊት ተነጋግሮ ነበር። የክርክሩ ፍሬ ነገር፣ አፍሪካውያንን ልክ እንደ ነፍሳት ታዩናላችሁ የሚል ክስ ነው። ክሱ ከባድ ነው። ሩሽ ከማንም በላይ ቀረበ፣ ከማንም በላይ በእግሩ ሄደ፤ ሴምቤን ግን መቅረብ ብቻውን አይበቃም አለው። ጉልበት በማጠፍ የሚረጋ ሥዕል አለ፤ ጉልበት በማጠፍ ብቻ የማይስተካከል ዝምድና ደግሞ አለ።

፬፤ ከአበበ እስከ ማራቶን ሰው

ታሪኩ አሁን ወደ እኛው ቤት ጎራ ይላል። ኦክቶበር 21 ቀን 1964 ቶክዮ ላይ አበበ ቢቂላ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። ጃፓናዊው ኮን ኢቺካዋ በ1965 ባወጣው «ቶክዮ ኦሎምፒያድ» የአበበን ፊት ከሩቅ በሚያቀርብ ሌንስ ይዞ ረጅም ጊዜ ይቆይበታል። ያ ፊት አይናወጥም፤ ላቡ ይወርዳል፣ ዓይኑ ወደ ፊት ነው፤ ዓለም ሁሉ ከኋላው ይንሸራተታል። እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን ከነበሩት ሁሉ የረጋው አበበ ራሱ ነበር። ካሜራው የሄደው በጎማ ነው፤ በሰው እግር ከአበበ ጋር እየሮጠ የረጋ ሥዕል የሚያነሣ በምድር ላይ አልነበረም።

መፍትሔውን ያገኘው ጋሬት ብራውን የተባለ የፊላደልፊያ ሰው ነው። ቀድሞ ዘፋኝ ነበር፤ በኋላ የማስታወቂያ ፊልም ሠራ። ብራውን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያሰላሰለው ጥያቄ ይህ ነው፦ የሰውን ርምጃ ከካሜራው እንዴት እንለይ? መልሱ በ1975 ተጠናቆ «ስቴዲካም» ተባለ። ሦስት ክፍል አለው። ካሜራማኑ የሚለብሰው ሰደርያ አለ፤ ክብደቱን ለወገብና ለትከሻ ያካፍላል። ከሰደርያው የሚወጣ በሞላ የሚሠራ ክንድ አለ፤ ሰውየው ከፍ ዝቅ ሲል ሞላው ይሳባል ይሰበሰባል እንጂ ካሜራው ባለበት ይንሳፈፋል። ሦስተኛው ዘንግ ነው፤ ካሜራው ላይኛው ጫፍ፣ ባትሪውና ትንሽ ቴሌቪዥን ታችኛው ጫፍ ላይ ይሆናሉ።

የብልሃቱ ልብ ዘንጉ ላይ ነው። ክብደት ተራርቆ ሲቀመጥ ለማዞር ያስቸግራል፤ ረጅም ዘንግ ተሸክሞ በጠባብ መንገድ ለመታጠፍ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። ብራውን ይህን ችግር ጥቅም አደረገው። ዘንጉን ከሚዛኑ ማዕከል አጠገብ በሁሉም አቅጣጫ በሚዞር መጋጠሚያ ያዘውና በሁለት ጣቱ ብቻ አቅጣጫ ሰጠው። ዓይኑንም ከካሜራው አነሣ። ዓይን ካሜራው ላይ ከተጣበቀ የራስ መወዛወዝ ወደ ሥዕሉ ይገባልና፣ ሥዕሉን ከታች ካለው ትንሽ ቴሌቪዥን እያየ ይሄዳል።

ብራውን ለማሳያ ከቀረጻቸው መካከል የሴት ጓደኛው በፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ደረጃ ላይ ስትሮጥ የሚታይበት አንዱ ነበር። ዳይሬክተሩ ጆን አቪልድሰን ይህን አይቶ ደረጃው የት እንዳለ ጠየቀ፤ ውጤቱም በ1976 «ሮኪ» ውስጥ ቦክሰኛው የሚወጣው ደረጃ ሆነ። በፊልም ሥራ ላይ መጀመሪያ የዋለው ግን «ባውንድ ፎር ግሎሪ» ላይ ነው። ብራውን ከፍ ባለ ክሬን ላይ ቆሞ ጀመረ፤ ክሬኑ መሬት ሲደርስ ወርዶ ሳያቋርጥ በመቶ በሚቆጠሩ ስደተኛ ሠራተኞች መሐል እየተራመደ አለፈ።

ከሁሉ ቀድሞ ለሕዝብ የታየው ደግሞ በዚያው ዓመት የወጣው የጆን ሽሌሲንጀር «ማራቶን ማን» ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፦ ይህ ፊልም የሚከፈተው በእኛው በአበበ ቢቂላ የቶክዮ ሥዕል ነው! ከአበበ በኋላ ደስቲን ሆፍማን የተባለው ተዋናይ ኒውዮርክ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያው ዙሪያ ይሮጣል። በአንድ ፊልም ውስጥ በጎማ የተከተሉት ሯጭና ካሜራው በሰው እግር የተከተለው ሯጭ ጎን ለጎን ቆሙ። የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን አጋጣሚ ብዙ አያነሡትም፤ እኛ ግን ማንሣት ይገባናል።

ስቴዲካም በ1978 የኦስካር የቴክኒክ ሽልማት አገኘ። በ1980 ስታንሊ ኩብሪክ «ዘ ሻይኒንግ» ላይ ካሜራውን ከወለሉ ጥቂት ከፍ አድርጎ በሆቴል ኮሪደር ውስጥ አንሳፈፈው፤ እርጋታው ራሱ አስፈሪ ሆነ። ለ1983ቱ «ሪተርን ኦፍ ዘ ጀዳይ» ደግሞ ብራውን በጫካ ውስጥ በጣም በዝግታ እየተራመደ፣ በሰከንድ ከአንድ ሥዕል በታች ቀረጸ፤ ፊልሙ በ24 ሲታይ ዝግታው የጥይት ፍጥነት ሆነ። ዲሴምበር 23 ቀን 2001 ሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው የክረምት ቤተ መንግሥት፣ ቲልማን ቢትነር ስቴዲካሙን ለብሶ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ትዕይንት 33 ክፍሎችን ከአንድ ሰዓት ተኩል ያላነሰ ጊዜ ሳያቋርጥ ዞረ። አሌክሳንደር ሶኩሮቭ የመራው «ራሽያን አርክ» በ2002 የወጣው ከዚህ አንድ ትንፋሽ ነው። ከዚያ በፊት የተሞከሩት ከሽፈው ነበር።

፭፤ የጎደለው ጆሮ ተገኘ

የስቴዲካም ችግሩ ግልጽ ነው፤ ውድ ነው፣ ከባድ ነው፣ ለመልመድም ዓመታት ይፈጃል። ሕዝቡ የያዘው ሌላ ነበር። ሶኒ በ1967 «ፖርታፓክ»ን፣ በ1985 «ሃንዲካም»ን አወጣ። ቪዲዮ ከስቱዲዮ ወጥቶ ሠርግ ቤትና ክርስትና ቤት ገባ፤ መናወጡም አብሮ ገባ። ካሜራው በቀለለ ቁጥር ይበልጥ ተንቀጠቀጠ፤ ክብደት ራሱ ማርጊያ ነበርና።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ጃፓን ውስጥ በማትሱሺታ ኩባንያ የእጅን መንቀጥቀጥ በሚለካ ትንሽ ጋይሮ የሚታረም የቪዲዮ ካሜራ ተሠራ። ያ በፕሩሺንስኪ ሣጥን ውስጥ ይሾር የነበረው ከባድ ነገር ዛሬ ከስንዴ ፍሬ የማይበልጥ የሲሊኮን ቅንጣት ሆኖ በየስልካችን ውስጥ ተቀምጧል። የመዞሩን መጠን በሰከንድ በብዙ መቶ ጊዜ ይለካል፤ ከዚያ ወይ ሌንሱ በተቃራኒው ይገፋል፣ ወይ የሥዕሉ ጠርዝ ተቆርጦ መሐሉ ይስተካከላል። ከ2013 ወዲህ በሦስት የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራው «ጊምባል» የተባለው መያዣ መጣ፤ ዋጋው ወርዶም በየከተማው የሠርግ ቀራጮች እጅ ገባ። ካሜራ በመጨረሻ የውስጥ ጆሮ አገኘ።

ይሁንና አንድ ነገር ቀርቷል። ሦስቱ ሞተሮች የሚያርሙት መዞርን ብቻ ነው፦ ግራና ቀኝ መዞርን፣ ወደ ላይና ወደ ታች መዘንበልን፣ ወደ ጎን መጋደልን። መላ ካሜራው ከነሰውየው በየርምጃው ከፍ ዝቅ ሲል ግን ሞተሩ አያውቀውም። ለዚያ ብራውን ሞላ ያለው ክንድ ሠራ፤ ክንድ የሌለው ሰው ያለው ጉልበቱ ነው። ስለዚህ የቅርብ ጊዜውን መሣሪያ የገዛም ሰው ሚሼል ብሮ ወዳስተማረው ይመለሳል። ጉልበትህን አጠፍ፤ ክርንህን ከጎንህ አስጠጋ፤ ሰፊውን ሌንስ ምረጥ፤ ትንፋሽህን አትቁረጥ፣ ግን አታናፍስ፤ መንገድህን አስቀድመህ በባዶ እጅ ሂድበት። አገራችን ለዚህ አስተማሪ አላጣችም። በጥምቀት ቀን ታቦት በራሱ ላይ ተሸክሞ የሚሄደውን ካህን እዩ፤ በሠርግ ቤት የተሞላ ስኒ በትሪ ይዛ በእንግዳ መሐል የምታልፈውን እዩ። ሁለቱም ያውቁበታል፤ የተሸከሙት ነገር ከራሳቸው እንደሚበልጥ ስለሚያውቁ ነው እንዲያ የሚራመዱት።

፮፤ ማን ዘንድ ለመድረስ?

ከላይ ስለ ሚድዌይ ስንናገር አንድ ጣጣ አቆይተን ነበር። የሚናወጥ ሥዕል እውነት ነው የሚለው ትምህርት ከጊዜ በኋላ ሸቀጥ ሆነ። በ1995 የዴንማርክ ፊልም ሠሪዎች «ዶግማ 95» ባሉት መመሪያቸው ካሜራ በእጅ ይያዝ ብለው ደነገጉ፤ የ1998ቱ «ፌስተን» በትንሽ የቪዲዮ ካሜራ ተቀርጾ ብዙ ተደነቀ። እነሱ ከልባቸው ነበሩ። ከነሱ በኋላ የመጣው ማስታወቂያና የጦርነት ፊልም ግን በሐዲድ ሊረጋ የሚችለውን ካሜራ ሆን ብሎ ያናውጠው ጀመር። ድሮ ድሀ በግድ የተንቀጠቀጠው፣ ዛሬ ባለጸጋ በገንዘብ ይንቀጠቀጣል። መናወጥ ምስክር መሆኑ ቀረ፤ ጌጥ ሆነ።

በአንጻሩ መርጋትም ምስክር የሆነበት ጊዜ አለ። በኦክቶበር 1984 ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ደረሰ። ጎህ ሲቀድ በሜዳው የተኮለኮለውን ረሃብተኛ ወገናችንን ቀረጸ። ካሜራው አልቸኮለም፤ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት በዝግታ አለፈ። ኦክቶበር 23 በቢቢሲ የታየው ይህ ሥዕል ከ400 በላይ በሚሆኑ የዓለም ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተላለፈ፤ የዓለምን ልብ ነካ፣ እህልም አመጣ። ይህን የሚክድ የለም። አሚን በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ ክንዱን አጣ፤ በሰው ሠራሽ ክንድ ካሜራውን መልሶ አነሣ። በ1996 የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሞተ። ካሜራን ለማርጋት ሁለት ክንድ ያስፈልጋል ለሚል ሰው ይህ ሕይወት መልስ ነው።

ግን የሴምቤን ጥያቄ ኮረም ላይም ይነሣል። ያ የረጋ ሥዕል ረሃቡን አሳየ፤ ጦርነቱን፣ የገበሬውን የተነጠቀ እህል፣ የመንግሥትን እጅ ግን በዚያው ልክ አላሳየም። በሥዕሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች አብዛኞቹ ስም የላቸውም፤ ዓለም ለረጅም ጊዜ ኢትዮጵያን ያወቃት በዚያ ስም በሌለው ፊት ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ በ1976 ኃይሌ ገሪማ «ምርት፦ ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በአማርኛ፣ ሙያው ተዋናይነት ባልሆነ ገበሬ አሳይቷል። እዚያ ያለው ገበሬ ይናገራል፣ ይከራከራል፣ ባለርስቱን ይጠላል። ሁለቱም ካሜራዎች ገጠር ደረሱ። አንደኛው የደረሰው ሊያይ ነው፤ ሁለተኛው ሊሰማም ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ? መሣሪያው ተዳርሷል። ኤሮስኮፕ ያለመው፣ ቬርቶቭ የተመኘው፣ ብራውን የፈለሰፈው ዛሬ በኪሳችን አለ። ከእንግዲህ «ካሜራ የለንም» የሚል ሰበብ አይሠራም፤ «ሥዕሉ ተናጠብን» የሚለውም ጉልበት ከማጠፍ የማያልፍ ችግር ነው። የቀረው ከባዱ ጥያቄ ወዴት እንሂድ የሚለው ነው። የረጋ ሥዕል ይዘን የምንገባው በማን ደጅ ነው? ስንገባስ ሰላምታ እንሰጣለን? ስሙን እንጠይቃለን? ሲናገር ቆመን እንሰማለን ወይስ ፊቱን ብቻ ወስደን እንወጣለን?

ቃሉን ከፖለቲካ ተበድረን ነበር፤ አሁን እንመልስ። ተራማጅ ማለት ፈጥኖ የሚሄድ ማለት አይደለም። የተሸከመው እንዳይፈስ አስቦ ርምጃውን የሚመጥን፣ ወደ ሰው የሚሄድ፣ ሲደርስም የሚቆም ማለት ነው። ካሜራችን እንዲህ ይራመድ።